«ይረግፋል» የሚለው ፍርድ፦ የወተት ጥርስ በጣና ዳርቻ ታሪክ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ፣ ባሕር ዳር፣ ከቀረበው ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ርእስ ከታሪክ መምህር የሚጠበቅ አይመስልም። ለወተት ጥርስ የዘመተ ንጉሥ የለም፤ በወተት ጥርስ ምክንያት የተካለለ ድንበርም የለም። በዜና መዋዕሎቻችን ውስጥ የሕፃን ጥርስ ሲታመም አናነብም። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረተሰብ ጊዜያዊ ናቸው ለሚላቸው ነገሮች የሚሰጠው ዋጋ ራሱ ታሪክ አለው። የወተት ጥርስ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ስለሆነ ነው ለዛሬ የመረጥሁት። በንግግሬ ውስጥ «ዓ.ም.» ስል የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» ስል የአውሮፓውያንን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳስብ።

በአገራችን የአንድ ሕፃን መንጋጋ ሲቦረቦር በቅድሚያ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፦ «የወተት ጥርስ ነው፤ ይረግፋል»። ይህ አባባል ውሸት አይደለም። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች በሙሉ ይረግፋሉ። በብዙ ቤት ልጁ የረገፈውን ጥርስ ጣራ ላይ ወርውሮ አዲስ ይመኛል፤ መርገፍ የደስታ ቀን ነው። ችግሩ የሚመጣው መቼ ይረግፋል ብለን ስንጠይቅ ነው። የፊት ጥርሶች በስድስትና በሰባት ዓመት ገደማ ይወድቃሉ፤ የኋለኞቹ መንጋጋዎች ግን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ መንጋጋ ቢበሰብስና «ይረግፋል» ብንል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት በሕመም ጠብቅ ማለታችን ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ከኖረበት ዕድሜ ይረዝማል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። «ይረግፋል» የሚለው ፍርድ በጣና ዙሪያ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ድርጊቶችን ወልዷል። አንደኛው ገና ያልበቀለውን ጥርስ ከድድ ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ነው። ሁለተኛው የበቀለውን ጥርስ እስኪበሰብስ መተው፣ በመጨረሻም መንቀል ነው። ሁለቱም የወተት ጥርስ ሊጠበቅ የሚገባው የአካል ክፍል አይደለም ከሚል አንድ ሐሳብ ይነሣሉ።

ትሉና ጢሱ

ከጥንቱ እንጀምር። ጥርስን የሚቦረቡረው ትል ነው የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በባቢሎናውያን የሸክላ ጽሑፍ ላይ ሳይቀር ይገኛል። በእኛም አገር «ጥርሴን ትል በላው» ማለት እስከ ዛሬ የተለመደ ነው። ሕክምናውም ከምክንያቱ ይከተላል፤ ትል ካለ መውጣት አለበት። የእምቧይ ወይም የአጤ ፋሪስ ፍሬ በፍም ላይ ተደርጎ ጢሱን በአፍ መሳብ በሰሜን ኢትዮጵያ የባህል ሕክምና ውስጥ የታወቀ ነው። አጤ ፋሪስ ሕመምን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ስላለው ሰዎች እፎይታ ማግኘታቸው አያስገርምም። ያው ንጥረ ነገር ግን መርዝ ነው፤ ለሕፃን ደግሞ አደጋው የበረታ ነው።

ደብተራዎቻችን የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት የዚህ እውቀት መዝገብ ናቸው። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ «የኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት» በሚል ርእስ በፈረንሳይኛ ካሳተማቸው ሥራዎች በኋላ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ተራ አስማት ማየት አይቻልም። አባቶቻችን ሕመምን ይመለከቱ፣ ይመዘግቡ፣ መድኃኒት ይሞክሩ ነበር። መፋቂያውም የዚሁ እውቀት አካል ነው። ነገር ግን መፋቂያ የአዋቂ ልማድ ነው፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ጥርስ ሲፋቅለት ማየት የተለመደ አልነበረም። የሕፃኑ አፍ ከእንክብካቤው ክልል ውጭ ነበር ማለት ነው።

የጎደለው ክራንቻ እንደ ሰነድ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ግግ ማውጣት ይባላል፤ በጤና ባለሙያዎች አነጋገር የወተት ጥርስ መንቀል። ሕፃኑ ከአራት እስከ ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው ያልበቀለው ክራንቻ ከድዱ በታች ነጣ ያለ እብጠት ሆኖ ይታያል። በዚሁ ዕድሜ ሕፃኑ ከጡት ውጭ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል፤ ስለዚህ ተቅማጥና ትኩሳት ይደጋገምበታል። እናት ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጊዜ ታያለች፦ እብጠቱንና ተቅማጡን። እብጠቱ የተቅማጡ ምክንያት ነው ብላ ትደመድማለች። ወጌሻው ወይም አዋቂው በስለት ድዱን ቀድዶ ለስላሳውን የጥርስ ጽንስ ያወጣል፤ ነጭ ስለሆነና ስለሚለሰልስም ትል ይመስላል። የትሉ እምነትና ግግ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ይህን ድርጊት በድንቁርና ብቻ መፈረጅ ለታሪክ ጸሐፊ አይበቃም። በጥንቃቄ ከታየ ነገር ላይ የተመሠረተ፣ በምክንያቱ ግን የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው። ተቅማጡ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚያልፍ ድርጊቱ የሠራ ይመስላል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፦ የደም መፍሰስ፣ የደም መመረዝ፣ ቴታነስ፣ አንዳንዴም ሞት። ከወተቱ ክራንቻ በታች የሚያድገው የቋሚው ክራንቻ ጽንስም ይጎዳል። ከዓመታት በኋላ ቋሚው ጥርስ ጠምዞ፣ ቅርፁን አጥቶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይወጣም።

ለእኛ ለታሪክ ተማሪዎች እዚህ ላይ ትምህርት አለ። ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይነግረንም፤ የሰው አፍ ግን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ከጎንደርና ከአካባቢው ተነሥተው ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ በዚያ ያሉ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች የብዙ ልጆች የወተት ክራንቻ አለመኖሩን አስተዋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናትም ይህን ዘገበ። ከስደቱ በፊት በየመንደሩ የተፈጸመው ነገር በሌላ አገር ራጅ ላይ ተነበበ። የጎደለ ክራንቻ ሰነድ ነው።

ድርጊቱ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ዩጋንዳ የወጣ ጥናት ተመሳሳይ ልማድ ገልጿል፤ በታንዛኒያ ደግሞ ሰዎች እነዚህን ጥርሶች «የፕላስቲክ ጥርስ» ብለው ይጠሯቸዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቋቋመው የልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የወተት ጥርስ መንቀል እንጥል ከመቁረጥ ጋር እጅግ ከተስፋፉት ጎጂ ልማዶች መካከል መሆኑን አሳየ። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚመለከት ራሱን የቻለ ምዕራፍ አካተተ።

እ.ኤ.አ. 1954፦ ኮሌጁና ስኳሩ

ሁለተኛው ድርጊት፣ ማለትም የበቀለውን ጥርስ መተው፣ የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለው። ለዚህ አንድ ዓመት እንደ ማዕዘን ድንጋይ ሊያገለግለን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. 1954።

ከዚያ ቀደም ብሎ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ ሜዳ፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ይህ እልቂት እ.ኤ.አ. በ1954 ለተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መመሥረት አንዱ ምክንያት ሆነ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። የክልላችን የሕዝብ ጤና አስተሳሰብ የተወለደው ከዚህ ነው፦ ከወባ፣ ከፈንጣጣ፣ ከተቅማጥ ጋር በተደረገ ትግል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። የሚገድለው ይቀድማል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሠራ ዝርዝር በቀላሉ አይለወጥም፤ የሕፃን ጥርስ በዚያ ዝርዝር ላይ ቦታ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት በሌላ የአገራችን ክፍል ሌላ ነገር ተጀመረ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ። ከዚያ በፊት ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ማር ደግሞ ውድ ነው፣ አብዛኛውም ወደ ጠጅ ይሄዳል። ከወንጂ በኋላ ስኳር ቀስ በቀስ የሻይ፣ የአጥሚት፣ የሕፃን ጡጦ ጓደኛ ሆነ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ በኮታ ሲታደል የቤተሰቡ ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ስኳር የማንኛውም የከተማ ቤት መብት ተደርጎ መታየት ጀመረ። በስኳር የጣፈጠ ሻይ ለልጅ መስጠት የፍቅር ምልክት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ላንሣ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የወንጂ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የሠራተኞቹና የልጆቻቸው ጥርስ ይበልዝ ነበር፤ በአንዳንዶችም አጥንት ይጎዳ ነበር። በመጠኑ ሲሆን ጥርስን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር እዚያ ከልክ አልፎ ጎዳ፤ የጣና ውኃ ደግሞ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው። ስኳሩ ከወንጂ ወደ እኛ መጣ፤ የጥርሱ መከላከያ ግን አብሮት አልመጣም።

ውጤቱን የሚያሳዩ ጥናቶች የወጡት በቅርቡ ነው። በባሕር ዳር ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 147 ልጆች በ21.8 በመቶው ላይ የጥርስ መበስበስ አገኘ። በጎንደር ከ7 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት 36.3 በመቶ አስመዘገበ። ናሙናዎቹና ዕድሜዎቹ ስለሚለያዩ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር አይገባም። ሁለቱም የተጠኑት ትምህርት ቤት በደረሱ ልጆች ላይ መሆኑንም ልብ በሉ። በሦስትና በአራት ዓመታቸው፣ ማለትም የመንጋጋቸው ዕጣ በሚወሰንበት ጊዜ፣ ልጆቹ በቤት ውስጥ ነበሩ፤ የቆጠራቸውም አልነበረም።

የማዳን ጥበብ ረጅም ጉዞ

በዓለም አቀፍ ደረጃ የወተት ጥርስን ማዳን የሚለው ሐሳብ ራሱ አዲስ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የጥርስ ትልን ታሪክ ውድቅ አድርጎ ስኳርን ከጎጂዎቹ ተርታ መደበ። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1890 ጀርሞች የምግብን ስኳር ወደ አሲድ ለውጠው የጥርስን ሽፋን እንደሚያሟሙ አስረዳ። ትሉ ቀረ፤ በቦታው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ተተካ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ፦ የበሰበሰውን ጥርስ እስኪረግፍ ድረስ በሥራ ላይ ማቆየት ይቻላል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1904 ፎርሞክሬዞል የተባለ መድኃኒት ተዋወቀ፤ በኋላም የወተት ጥርስን የላይኛውን ነርቭ ብቻ አስወግዶ ሥሩን ለማቆየት በሰፊው ሠራ። መድኃኒቱ ፎርማልዲሃይድ ስላለበት በኋላ ስጋት አስነሣ፤ ዛሬ ብዙ ቦታ በሲሚንቶ መሰል ማዕድናዊ ቁሶች ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ የማይዝግ ብረት ቆብ ለወተት መንጋጋ ተዘጋጀ። እነዚህ ሁሉ ግን ወንበር፣ መብራት፣ መሰርሰሪያና መርፌ የሚጠይቁ ነበሩ። የደቅ ደሴት ልጅ አንዱንም አያገኝም።

ለእኛ ታሪኩ የሚቀርበን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ፣ መብራት በሌለበት፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የበሰበሰውን ጠርጎ ግላስ አዮኖመር በተባለ ማጣበቂያ የመሙላት ዘዴ ተጀመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም የጤና ቀን አስተዋወቀው። በስኮትላንድ ኖርና ሆል የተባለች ሐኪም ቆቡን ያለ መሰርሰሪያና ያለ መርፌ በመንጋጋው ላይ እያጣበቀች መበስበሱን ከውስጥ መዝጋት ጀመረች፤ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር። በዓመቱ በ132 ልጆች ላይ የተደረገ የንጽጽር ጥናት ዘዴው እንደሚሠራ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጀርሙ በቆቡ ሥር ስኳር ሲያጣ አሲድ መሥራቱን ያቆማል። በጃፓን ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ፈሳሽ ተሠራ፤ በብሩሽ ሲቀባ መበስበሱን ባለበት ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ፈሳሽና ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ድርጅቱ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ዘገባ በዓለም 514 ሚሊዮን ሕፃናት የወተት ጥርስ መበስበስ እንዳለባቸው ገምቷል።

የሦስት መቶ ዓመቱን ጉዞ ባጭሩ ልግለጸው፦ መጀመሪያ መንቀል፣ ቀጥሎ መሰርሰር፣ በመጨረሻ መዝጋት። ጥበቡ እየረቀቀ ሲሄድ መሣሪያው ቀለለ። በሕክምና ታሪክ ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

በጣና ዳርቻ ምን ማለት ነው?

ሁሉም ጥርስ ይድናል ማለቴ አይደለም። ፊቱ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ ድዱ መግል የያዘ ሕፃን ቆብ ሳይሆን አስቸኳይ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ያ ጥርስ ምናልባት መነቀል አለበት። በተለይ ሁለተኛው የወተት መንጋጋ ያለ ጊዜው ሲነቀል በስድስት ዓመት የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ወደ ፊት ይገፋና የሚተካውን ጥርስ መንገድ ይዘጋል። የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ጠባቂ ነው። ዘበኛ ያለ ተተኪ ከበር አይነሣም።

የማሳስበው ሌላ ነገር ነው። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቋቁሞ ሴት ባለሙያዎችን መድቧል። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የወባ መከላከያ በዚህ መንገድ ከዘጌ እስከ ደቅ ደርሷል። በእጅ ብሩሽ የሚቀባን ፈሳሽ ከጤና ጣቢያ በሠለጠነ ባለሙያ በዚሁ መንገድ ማድረስ ከአቅማችን በላይ ነው ብዬ አላምንም። አሁን ያለው ሕግ ነቃዩን ይከለክላል፤ ለእናቲቱ ግን በምትኩ ምን እንደሚደረግ አይነግራትም። ክልከላ ብቻውን ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ «ይረግፋል» የሚለው ቃል ይሞላዋል።

አንድ የባህል ጉዳይም አለ። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የበሰበሰውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል። በእኛ አገር ጥቁር ቀለም ለአፍ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር። ይሁንና የንቅሳቱ ዓላማ ጥርሱን ይበልጥ ማንጣት ነው፤ ድዱ ይጠቁራል፣ ጥርሱ ያበራል። የጠቆረ ጥርስ የዚህ ውበት ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ምልክት የሕመም ሳይሆን የመዳን ምልክት መሆኑን እናት ከመቀባቱ በፊት ሰምታ ልትፈቅድ ይገባል። ሳይነገራት ቢደረግ ነገ ሌላውን ልጇን አታመጣም።

ውድ ተማሪዎች፣ የቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ግግ ያወጡ የነበሩ ሽማግሌ ወጌሾች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ቃላቸው አልተመዘገበም። በቀበሌ ሱቅ ስኳር የተሰለፉ እናቶች ለልጆቻቸው ምን እንደሰጡ ማስታወስ ይችላሉ። የጤና ጣቢያ መዝገቦች ውስጥ «ጥርስ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ፣ ከየትኛው ዕድሜ ጋር እንደተጻፈ ማንም አልቆጠረም። የሕክምና ተማሪው ከታሪክ ተማሪው ጋር ተቀምጦ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ታሪክ የሚጻፈው ለዘላለም ስለሚኖሩ ነገሮች ብቻ ከሆነ የሕፃንነት ታሪክ አይኖርም፤ ሕፃንነት ራሱ ያልፋልና። አንድ ልጅ በአራት ዓመቱ በደኅና አኝኮ፣ ያለ ሕመም ተኝቶ፣ ስሙን ሲጠራ ሳይሸማቀቅ ስቆ የሚያሳልፋቸው ስምንት ዓመታት ተመልሰው አይመጡም። ጥርሱ ይረግፋል፤ እውነት ነው። እስኪረግፍ ድረስ ያለው ጊዜ ግን የልጁ ነው።